የምንጩ አጥር

ሰው አጥር ሲያጥር የሚላት አንዲት አባባል አለች፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የቆላው ሽማግሌዎች ወደ ጓንጉል ምንጭ ይጠቁማሉ።

ጓንጉልና ታናሽ ወንድሙ አሊጋዝ ምንጩን ከአባታቸው በጋራ ወረሱ። በበጋ ከዚያ ሌላ ከብት የሚያጠጣ ውሃ በአካባቢው አልነበረም። አንድ ቀን አሊጋዝ ተራ መጠበቅ ሰለቸውና የእሾህ አጥሩን በመጥረቢያ ጥሶ ከብቶቹን አስገባ። ጓንጉል ደርሶ አነቀው።

"በሕግ አምላክ!" አለ አሊጋዝ።

በአገሩ ልማድ ተሟጋቾች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዳኛ ያደርጋሉ። የኩታቸውን ጫፍ አቆራኝተው መንገድ ዳር ቆሙ። ያን ቀን ያለፈው ከባሕሩ በኩል የመጣ ፈረንጅ ነበር፤ አስተርጓሚና በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ይዟል።

"እናንተ ልጆች፣ ሌላ ሰው ይምጣ!" አሉ አክስታቸው እማሆይ ጥሩነሽ።

"ባዕድ አያዳላም፣ እማሆይ" አለ ጓንጉል። የአገሩ ሰው ሁሉ ለአሊጋዝ የሚያደላ ይመስለው ነበር።

ፈረንጁ ስለ ጠቡ ብዙም አልጠየቀም። "ውሃው ይደርቃል? መሬቱ ጥጥ ያበቅላል?" አለ። ከዚያ፣ "ፍርዱ እስኪጠና ምንጩን እኔ ልጠብቅ" ብሎ ወረቀት ዘረጋ። እያንዳንዳቸው ወንድማቸውን ከምንጩ ያስከለከሉ መስሏቸው ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ።

በሳምንቱ አሊጋዝ በጣሰው ቀዳዳ ዐሥራ ሁለት ባለጠመንጃዎች ገብተው ባንዲራ ተከሉ።

"ፍርዱስ?" አለ ጓንጉል።

"ወረቀቱ ፍርድ አይልም" አለ አስተርጓሚው። "ምንጩም አገሩም የጌታዬ ንጉሥ ነው ይላል። አንተን ግን ወደንሃል። ወንድምህ እንዳይደፍርህ ይህን ያዝ።" አዲስ ጠመንጃ ሰጠው።

ጓንጉል ጠመንጃውን አንግቶ በቀጥታ ወደ አሊጋዝ ደጅ ሄደ። አሊጋዝም ያንኑ የመሰለ ጠመንጃ ይዞ ወጣ።

"ማን ሰጠህ?"

"ላንተ የሰጠው።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። በማግስቱ ሁለቱ ጠመንጃዎች አፋቸውን ወደ ምንጩ አዞሩ።

ፈረንጁ ወጣ። ለማስወጣት ግን ሁለት ክረምትና የአሊጋዝ የበኩር ልጅ አስፈለገ። ልጁን ከምንጩ ራስጌ ቀበሩት።

ከዚያ ወንድማማቾቹ አጥሩን ሊደፍኑ ወረዱ። እማሆይ እሾህ ያቀብሏቸዋል።

"ፈረንጁ ስንቱን ሰፊ በር ትቶ በዚህች ቀዳዳ ይግባ?" አለ ጓንጉል።

እማሆይ የመጨረሻዋን እሾህ ለአሊጋዝ አቀብለው ሁለቱንም በየተራ አዩና፣ "ምን ይደንቃል፣ ልጆቼ፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" አሉ።