በሒሳብ መጽሐፍ የተደገመ ጸሎት

አንድ አባት ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁልጊዜ ጠዋት መስኮቱ ሥር በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና የጸሎት መጽሐፋቸውን ገልጠው ይደግማሉ። ከዚያ በፊት ቁርስ የለም፣ ወሬ የለም፣ ሬዲዮ የለም።

ስማቸው ጋሽ ወንድራድ ነው። ልጃቸው የሺመቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የንስሐ አባታቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ የሌላ ሰው ጥፋት አይምሰላችሁ።

እኚህን አባት አንድ ሐኪም መረመራቸውና ግላኮማ አለባቸው አለ። የዓይንን ነርቭ ቀስ እያለ የሚገድል በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም። በመጀመሪያ የእይታውን ዳር ዳር ይወስድና መሐሉን ይተዋል፤ ስለዚህ ሰውየው የጎደለበት ነገር መኖሩን እንኳን አያውቅም። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘ፤ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል።

የሺመቤት በየወሩ ጠብታውን እየገዛች ለአባቷ ትሰጣለች። እሳቸው ኩሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ሰው እንዲነካካው አይፈልጉም፤ እኔው ራሴ አደርገዋለሁ አሏት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ትጠይቃለች። አድርጌያለሁ ይሏታል። ማታም ትጠይቃለች። አድርጌያለሁ። ታዲያ አባት አድርጌያለሁ ሲል የትኛዋ ልጅ ናት እስቲ ያሳዩኝ የምትለው? እናንተስ ትሉ ነበር?

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ጋሽ ወንድራድ የበሩ መቃን ትከሻቸውን ይመታቸው ጀመር። አንዱን ብርጭቆ ሲያነሡ አጠገቡ ያለውን ይደፋሉ። አንድ እሑድ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ልጃቸው ከጎናቸው መጥታ ስትቆም ዝም ብለው አልፈዋት ሄዱ። የሺመቤት እኔ ጋ መጥታ አባቴ ረሱኝ ብላ አለቀሰች።

እኔ ምን አልኳት?

«የሺዬ፣ ትናንት ቤታችሁ መጥቼ ሰምቻቸዋለሁ። ያን ሁሉ ጸሎት አንዲት ቃል ሳይስቱ ነው የሚደግሙት። እንዲህ የሚያነብ ሰው ዓይኑም አእምሮውም ደኅና ነው።»

ልቧ አርፎ ሄደች። የካህን ቃል ሰምታለቻ! ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው አስባ ነበር፤ በእኔ ቃል ተወችው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከወራት በኋላ የጸሎት መጽሐፉ ክሩ ተበጥሶ ገጾቹ እየወለቁ አስቸገሩና ለጠራዥ ተሰጠ። በነጋታው ጠዋት ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። ጋሽ ወንድራድ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፍ ይዘው ይደግማሉ። ሌላ የጸሎት መጽሐፍ ያገኙ መሰለኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መስመሩን ልከተል ጎንበስ አልኩ። ገጹ ላይ ያለው ማባዛት ነው። የሺመቤት መስኮቱ ሥር ትታው የሄደችው የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። የሚቀልዱ መሰለኝ።

«ጋሽ ወንድራድ፣ ምን እያነበቡ ነው?»

«ምን አነባለሁ አባ፣ ጸሎቴን ነዋ» አሉኝ። ከዚያ ቅጠሉን ገለጡ፤ የራሳቸው መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ መገለጥ በነበረበት ቦታ ላይ።



ነገሩ ገባችሁ? ያንን ጸሎት በሰባት ዓመታቸው ከየኔታ የተማሩት በቃላቸው ነው። አእምሮ ሲደክም የዛሬ ጠዋቱን ጠብታ ይረሳል፣ የልጅነቱን ጸሎት ግን ይዞ ይቆያል። ያ ጸሎት የዓይናቸውን መጥፋት ሸሸገብን። ያ ጸሎት የአእምሯቸውን መድከም ሸሸገብን። እኛ ደግሞ ድምፃቸውን እየሰማን ተመስገን እንል ነበር።

ያኔ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ብርሃን ሲያዩ ቁልፍ የሚጫኑበት መሣሪያ ፊት አስቀመጧቸው። ቁልፉን እንደያዙ፣ ለምን እንደሚጫኑት ረሱት። የዓይን ሐኪሟ በሌላ መሣሪያ ዓይናቸውን ከውስጥ አየችና የቀኙ ጠፍቷል፣ የግራው መሐሉ ላይ ጥቂት ቀርቶታል፣ የሄደው አይመለስም አለች። ሌላ ሐኪም ደግሞ ብዙ ጠይቋቸው የመርሳት በሽታም እንዳለባቸው ነገረን። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሽማግሌ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ፤ ዝምድናቸው ገና እየተጠና ነው አለን። የሚረሳ ሰው ጠብታውን ይዘላል። ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ ፊት መለየት ሲያቅተው ጃጀ ይባላል። አንዱ ሌላውን እየከለለ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ያን ዕለት የሺመቤት የአባቷን ሣጥን ከፈተች። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት በቀር የሰጠቻቸው ጠብታ ሁሉ እንደታሸገ ተደርድሯል። ቁጭ ብላ አየችው፤ አላለቀሰችም።

«አልዋሹኝም እኮ አባ፤ ያደረጉ መስሏቸው ነው» አለችኝ።

 

አሁን ጠብታውን እሷው ታደርግላቸዋለች። ጠዋት ወደ አልጋቸው ስትቀርብ «ማን ነሽ?» ይሏታል። ያላወቃት የቱ ነው፣ ዓይናቸው ነው ወይስ አእምሯቸው? እሷ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ቀድመን ደርሰን ቢሆን ኖሮ አንዱን ምናልባት እናተርፍላት ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ ጆሮዬን አምኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናንተስ? ቤታችሁ ያሉትን አባት፣ ቤታችሁ ያሉትን እናት ደኅና ናቸው ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው? ጾማቸውን አይታችሁ? ሲመርቁ ቃል አልሳቱም ብላችሁ? ምርቃትም እኮ በቃል የሚታወቅ ነው። ደኅና ነኝ ማለትም በቃል የሚታወቅ ነው!

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከጎናቸው አትምጡ፤ ከፊታቸው ቁሙና ስማችሁን ተናገሩ። አንድ ዓይናቸውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በሌላው ምን እንደሚያዩ ጠይቋቸው። ጠብታ የታዘዘላቸው ካሉ አድርገዋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ በእጃችሁ አድርጉላቸው። ነገ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። አባ ይጸልዩልን ብላችሁ ወደ እኔ ልትመጡ ነው፤ አውቃችኋለሁ። እጸልያለሁ። መጀመሪያ ግን ውሰዷቸው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አባቷ ዛሬ ፊቷን የሚያዩላት፣ የዛሬ ዓመት ግን የማያዩላት አንዲት ሴት አለች። የትኛዋ እንደሆነች እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም።