«ለሰማኝ ሰው ስጠው»

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ የአሮጌው ባቡር ጩኸት ከድሬዳዋ ከጠፋ ወዲህ ነው፣ መንክር የሚባል አባት ሥርጉት ከምትባል አንድ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ድሬ አንቱታ ስለማትወድ እኔም ሽማግሌውን «እሱ» እያልኩ ነው የማወራችሁ። ፍርዱን የምተወው ለእናንተ ነውና ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። እኔ ስንት ጊዜ ፈርጄ ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩት አትጠይቁኝ።

ጋሽ መንክር ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቷል። ሥራው መስማት ነበር። ባቡሩ ጣቢያ በገባ ቁጥር እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄድና የብረት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ሦስት ጊዜ መትቶ ከተጠራጠረ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አራተኛውን ቆየት ብሎ ይመታል። በእሱ ጆሮ ስንቱ መንገደኛ በሰላም ቤቱ ገብቷል።

ሥርጉት ያደገችው ያንን መዶሻ እየሰማች ነው። ካደገች በኋላም «ስንጥቅ» የሚል አልበም ሠራች። ባዶ በቀረው የባቡር መጠገኛ ውስጥ ገብታ፣ የአባቷን መዶሻ ይዛ ብረት እየቀጠቀጠች፣ ጊታር እያስጮኸች፣ ከመዝፈን ይልቅ እየተናገረች ዘጠኝ ሥራዎች ቀረጸች። የመጨረሻው ብቻውን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ፖስት-ፓንክ የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ግን «የሥርጉት ቆርቆሮ» ነበር የሚለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ይህን አልሰማችም። ሰው ሁሉ ዘፈን በስልኩ በሚሰማበት ዘመን ደግሞ ሁለት መቶ ካሴት አሳተመች። ግትር ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና።

በአልበሙ ምረቃ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሥራ ላይ ሠላሳ ቀረ። ሰባተኛው ላይ የቀሩት የመብራት ሠራተኛውና ጥበቃው ናቸው፤ ጥበቃው ደግሞ ሥራው ነው። አባቷ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቤቱ ቀርቶ ነበር።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ በሚወጣ ጋዜጣ ላይ ልዑልሰገድ የሚባል የሙዚቃ ሐያሲ ስለ አልበሙ ሁለት ሙሉ ገጽ ጻፈ። ስምንቱን ሥራዎች አንድ በአንድ ፈታትቶ ጣላቸው። ስለ ስድስተኛው ግን እንዲህ አለ፦ «እዚህ ላይ ልጅቱ ራሷን አግኝታ ነበር። ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ግን ደንግጣ በጩኸት ሸፈነችው። ሐዘኑ የራሷ ነው፤ ጩኸቱ የውሰት ነው። ፈሪ ሰው ባይጮህ ይሻለዋል።» ሌሎቹ ጋዜጠኞች ካሴቱን ለመክፈት እንኳ አልደከሙም፤ ከእሱ ገለበጡ። «ፈሪ» የምትለዋ ቃል በሬዲዮም፣ በየስልኩም ዞረች።

ሥርጉት ጽሑፉን ምሳ ላይ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችለት። ስትጨርስ ጋዜጣውን አጠፈችና፣ «አባዬ፣ አንተስ እንዴት አገኘኸው?» አለችው።

ጋሽ መንክር አልበሙን አልሰማውም። ካሴቱ ከነላስቲኩ ራስጌው ተቀምጧል። መዶሻውን ከሰማ ከሥራ የተሰናበተበት ቀን ትዝ እንዳይለው ፈርቶ ነው። ይህን መናገር አቃተው።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ» አላት።

ጆሮው አልደከመም ነበር። እሷም «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አልወጣችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን አንድ ነገር ስትቀርጽ ኖረች። ምን እንደሆነ ማንም አልሰማም። በሦስተኛው ዓመት ጉበቷ ታመመና ሆስፒታል ገባች። ሊመሽባት መሆኑን ስታውቅ በሻሽ የተጠቀለለ አንድ ካሴት ለአባቷ ሰጠችው።

«ሌላ ቅጂ የለውም» አለችው። «ለሰማኝ ሰው ስጠው። ከፈለገ ያውጣው፣ ከፈለገ ይቅበረው።»

«ማን ነው እሱ?»

«አንተ ታውቀዋለህ። ሥራህ መስማት አልነበር?»

ቀበሯት። በሳምንቱ ጋሽ መንክር የ«ስንጥቅ»ን ላስቲክ ቀድዶ ዘጠኙንም ሰማ። ስድስተኛው ላይ መዶሻው ሦስት ጊዜ መትቶ አራተኛውን ሲያዘገይ፣ ልጁ እሱን ስታይና ስትሰማ እንዳደገች ገባውና መሬት ላይ ተቀመጠ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንባው እስከ ማታ አልቆመም። ሻሽ ውስጥ ያለውን ካሴት ግን አልነካውም። ለሰማኝ ነው ያለችው፤ እሱ ደግሞ በሕይወት ሳለች አልሰማትም።

በአርባዋ ዕለት አደራ እንዳለበት ለሰው ሁሉ ተናገረ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፤ «ይገባኛል» ብለው የቀሩት ሦስት ናቸው። ጋሽ መንክር ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው።

«ስድስተኛው ላይ ምን ሰማችሁ?»

መጀመሪያ የተናገረው ሐያሲው ልዑልሰገድ ነው። ሞቷን ሰምቶ ለአርባዋ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ፣ ልብሱ የተጨማደደ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። «አቶ መንክር፣ እኔ ያን አልበም አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለ። «መዶሻው ሦስት ጊዜ ይመታና አራተኛው ላይ ይዘገያል። እዚያች ላይ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። እርስዎ ባቡር ላይ ይሠሩ እንደነበር አላውቅም ነበር፤ ግን አንድ ሰው የሆነ ነገር ተሰብሮ እንደሆነ እየፈተሸ መሆኑን ጽፌያለሁ፤ አርታዒው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ቆረጠው። ፈሪ ያልኩበትን መስመር ግን አልቆረጠም፤ እኔም አውጣልኝ አላልኩም፤ ቃሏ አምራኝ ነበር።» እዚህ ላይ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ሁለተኛ ሥራዋን ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ጩኸቱን ትተሽ ነይ ብያት ነበር፤ ይኸው ብቻዋን ሠራች። መልሷ ለእኔ ነው። ከሰጡኝ ለሰው ሁሉ እንዲደርስ አደርገዋለሁ።»

ቀጥሎ ረምዚ ተነሳ። ባስ ጊታር ተጫዋቿና የልጅነት ጎረቤቷ ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ከጎኗ ሳይንቀሳቀስ እስከ ሃያኛዋ ደቂቃ የተጫወተ እሱ ነው፤ ሆስፒታልም ያስታመማት እሱ ነው። «ጋሼ፣ አልዋሽህም» አለ። «ሙዚቃው አልገባኝም። ቤቴ ገብቼም ከፍቼው አላውቅም። ‹እንዴት ነው?› ስትለኝ ‹አንደኛ ነው› እላታለሁ፤ ደስ እንዲላት ነው። ስድስተኛውን ስንቀርጽ ግን የሞተችውን እናቷን አንስታ ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። እንዳታፍር ብዬ ባሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሸፈንኩላት። ያ ጩኸት የእኔ ነው።»

ሐያሲው ፊቱ ተለወጠ። «የአንተ?»

«የእኔ። ስትሰማው ‹ይሁን፣ እንዲሁ ይቅር› አለችኝ። ጋዜጣው ሲወጣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። በእኔ ጩኸት እሷ ፈሪ ተባለች።» ወደ ሐያሲው ዞረ። «አንተ ፈረድክባት» አለው ልዑልሰገድን፣ «ይህንንም ወስደህ ልትፈርድበት ነው። ለእኔ ከተሰጠ ማንም አይሰማውም። ሁለተኛ ማንም አፉን አይከፍትባትም።»

«አንተም እኮ አታለልካት» አለ ሐያሲው ቀስ ብሎ። «ዘወትር ‹አንደኛ ነው› የሚል ሰው ይዛ እንዴት ትወቅ?»

ሦስተኛዋ ሙሉመቤት ናት፤ የመንገዳቸው ማዶ ዳቦ ቤት ውስጥ ዳቦ የምትሸጥ፣ ከሂርና የመጣች ዝምተኛ ሴት። ረምዚ በየሱቁ ካሴት ሲያድል አንዱ እዚያ ደርሶ ነበር፤ ዳቦ ቤቱም አሮጌ ቴፕ አለው። መቀመጫ ሞልቶ እያለ ቆማ ነው የተናገረችው። «ጋሽ መንክር፣ እኔ ዘጠኙን አላውቅም። አንዷን ብቻ ነው የማውቀው፣ ስድስተኛዋን። ልጄ የሞተብኝ ዓመት ነው። እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ሲያጽናናኝ ‹ደህና ነኝ› እያልኩ ዳቦ እሸጣለሁ። አንድ ጠዋት ይቺ ተከፈተች። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ሴት ታለቅሳለች። ለካ እንዲህ ተሸፍኖም ይለቀሳል አልኩና፣ የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን አስነስቼ፣ ድምፁ ሥር ሆኜ አለቀስኩ። ጩኸቱ ባይኖር አልችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው የምሰማት።»

«ነገርሻት?» አላት ጋሽ መንክር።

ሙሉመቤት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ከእኔ ነው የገዛችው። እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን ብዬ ላናግራት ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ካሴቱን መደርደሪያው ላይ አየችና ‹ሙልዬ፣ ይሄን የሚሰማ ሰው አለ?› አለችኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዳቦውን ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ ታማለች ሲሉ ሰማሁ።»

ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ጋሽ መንክር ያን ቀን ሦስት የነቀዘ ዝምታ ፊቱ ተቀምጦ አየ፤ አራተኛው የራሱ ነው። ሙሉመቤት ከተሰጣት ምን እንደምታደርገው ሲጠይቃት፣ «ምን አደርገዋለሁ፣ እሰማታለሁ» አለች።

ሽማግሌው ካሴቱን ከነሻሹ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሦስቱን አያቸው። አንዳቸውንም ሊጠላቸው ፈልጎ አቃተው። ጠልቶ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። «ልጄ ታውቀዋለህ ብላኛለች» አለ። «እኔ ግን አላውቀውም።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሦስቱም አብረውት አለቀሱ፤ ፍርዱ ሳይሰጥ ድንኳኑ ፈረሰ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልፈረደም። እሱ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ለካሴት አይራራም፤ ሌላ ሁለት ሦስት በጋ ካለፈ ውስጡ ያለው ድምፅ ሰው ሳይሰማው ይጠፋል። ሦስቱም፣ ሐያሲው እንኳ ድሬ ሲመጣ፣ አልፎ አልፎ በሩን ያንኳኩና «እንዴት ዋልክ» ብለው ይመለሳሉ፤ ስለ ካሴቱ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዱ እስከ ጥጉ ሰማትና አቆሰላት። አንዱ ሳይሰማት እስከ መጨረሻው አብሯት ቆመ። አንዷ ሰምታት ዳነችባትና ሳትነግራት ቀረች። ከእነዚህ መካከል ሥርጉትን የሰማት የትኛው ነው? ካሴቱስ ለማን ይገባል?