ሦስት ዓመት ያልታየው ፋይል

በአንዲት ትንሽ ከተማ ዓይን እየለካች መነጽር የምታዝ ባለሙያ ነበረች። መድኃኒት ለማዘዝ ግን ሌላ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋልና ፈተናውን አልፋ የከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፊርማ ሦስት ዓመት ጠበቀች።

አንድ ቀን ዓይኑ መግል ለያዘ ገበሬ ጠብታ አዘዘች። ለፊርማ እጃቸው የማይንቀሳቀሰው ኃላፊ፣ አቶ ምትኩ፣ ይህን ሲሰሙ በማግስቱ ክፍሏን ሊያሽጉ ከተፍ አሉ።

«ፋይልሽን ዓይቼው አላውቅም!» ብለው በሕመምተኞቹ ፊት ጮኹባት። «ለመሆኑ አንቺ ምን እንድትሠሪ ነው የተፈቀደልሽ?»

እሷም የመመርመሪያውን ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ ጌታዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሻይ ብርጭቆዎን የሚያስቀምጡት በእኔ ፋይል ላይ ነው። ፊቱ ያለውን ለማያይ ሰው መነጽር እንዳዝ ተፈቅዶልኛል።»