ከሥሯ ሁለት ሰው

ድንች ቀቅላ እየሸጠች መንታ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጎረቤቷ «ነፃ ስልጠና አለ» ብላ አንድ ሆቴል አዳራሽ ይዛት ሄደች። መድረኩ ላይ፣ ሰው ሰውን እያስመዘገበ ይከብርበታል የተባለ ንግድ አለቃ፣ ራሱን «ዳይመንድ ደምሰው» ብሎ የሚጠራ ሰው ቆሟል። ሲያስነጥስ ይጨበጨብለታል፤ ውኃ ሲጠጣ ይጨበጨብለታል፤ የማይኩ ገመድ ጠልፎ ሲጥለው ደግሞ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

የሚሸጠው ከሳል እስከ ትዳር ችግር ሁሉን ይፈውሳል የተባለ የእጅ አምባር ነው።

«አምባሯን ገዝታችሁ ከኔ ሥር ትመዘገባላችሁ» አለ እየሳለ። «ከዚያ ከሥራችሁ ሁለት ሰው፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ታስገባላችሁ። ያኔ እናንተም ከላያችሁ ያለውም በማዕረግ ታድጋላችሁ። በቃ! እግርን ሰቅሎ መኖር ነው!»

ሁሉም ሲያጨበጭብ ሴትዮዋ ብቻ ዝም ብላ ስታየው አላስቻለውም። መድረክ ላይ ጠርቶ፣ ልጆች እንዳሏት ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ማይኩን አፏ ላይ ደቀነባት።

«እህቴ፣ ልጆችሽን የምትወጂ ከሆነ አሁኑኑ ተመዝገቢ። ካልሆነም አልወዳቸውም ብለሽ ለዚህ ሕዝብ ተናገሪ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሴትዮዋ ማይኩን ተቀበለችው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ከተመዘገብኩ ቆየሁ። የልጆቼ አባትም ልክ እንደርስዎ አፉ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነበር። አምኜው ከሱ ሥር ገባሁ። ከዚያ መንታ ወለድኩና ከሥሬ ሁለት ሰው አስገባሁ፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አቅፌ አጠባሁ።»

«እሱስ?» አለ ዳይመንድ ደምሰው ግራ ገብቶት።

«እሱማ አደገ! በጣም ከማደጉ የተነሳ፣ አሁን ስልክ እንኳ አያነሳልኝም።»