ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በመንዝ ደጋ፣ እመት ዘነበወርቅ የሚባሉ ባልቴት በድንጋይ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቤቱን ፎቅ አድርገው ነው የሠሩት፤ ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ። የከብቱ ትንፋሽ በወለሉ እንጨት መካከል እየወጣ ከላይ ያለውን ሰው ያሞቃል። ባል ሞቱ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሦስቱ ልጆች በየፊናቸው ሄዱ። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ እመት ዘነበወርቅ ከምሰሶው ጋር ማውራት ጀመሩ።

በክረምቱ የሰሜኑ ግድግዳ ሆዱ ተነፋ። የበኩር ልጃቸው ደምሰው ይህን ሲሰማ የገዛ ጎጆውን የማዕዘን ድንጋይ ነቅሎ፣ በአህያ ጭኖ አመጣና የእናቱን ግድግዳ እንደገና ካበ። ጎጆው ሲፈርስ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ቀጥሎ ክዳኑ አፈሰሰ። ቤት የሚከደነው በጓሳ ሣር ነው፤ ጓሳ ደግሞ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ ብቻ ይታጨዳል። ሴት ልጃቸው ሽታዬ ለራሷ ጣሪያ ያስቀመጠችውን ድርሻ ተሸክማ መጥታ አስከደነች።

«ያንቺስ ቤት?» አሏት።

«እኔ ባል አለኝ እማዬ፣ ተቃቅፈን እንችለዋለን።»

ቤቱ አዲስ ሆነ። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ። «ልጄ፣ ከታች የሚተነፍስ የለም፤ ዝምታው ይበርደኛል» አሉት ትንሹን ልጃቸውን ሀብተወልድን። እሱ ድንጋይ የለው፣ ሣር የለው። ያለችውን አንዲት ላም እየነዳ መጣና ታች ከላሚቱ ጋር ማደር ጀመረ። እጮኛው «እኔ በረት ውስጥ አልዳርም» ብላ ሌላ አገባች፤ አገር ሳቀበት። እናቱ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሊሞቱ ሲሉ «ቤቴ እንዳይከፈል፤ በሕይወት ላኖረኝ ልጅ ይሁን» አሉ። ማንነቱን ሳይናገሩ አረፉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ግድግዳው ባይቆም ክዳኑ ምን ላይ ያርፍ ነበር?» አለ ደምሰው።

«ዝናቡ ቢገባ ግድግዳህ ይቆም ነበር?» አለች ሽታዬ።

ሀብተወልድ አቀርቅሮ «እኔ ምንም አልሠራሁም፤ አብሬያት ነበርኩ» አለ።

ሽማግሌዎቹ አገም ጠቀም ሲሉ መሸ። ደምሰው ቤቱን ካጣ የራሱ ጎጆ ፍርስራሽ ነው። ሽታዬ ካጣችው ጓሳው እስኪፈቀድ ዝናብ ይወርድባታል። ሀብተወልድ ካጣው ደጅ ከፍቶ የሚቀበለው ሰው የለም። ፍርዱ ስላልተሰጠ ወንድምና እህት ተኮራርፈው፣ ከላይ የሚኖር ጠፍቷል። ላሚቱ ከታች እምቧ ትላለች፤ ከላይ የሚሰማት የለም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?