ከሰል የበላ ብረት

ምእመናን፣ ዛሬ የብረት ወሬ ነው የማወራችሁ። አትሳቁ፤ ብረትም ያስተምራል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ በሚበዛበት ሠፈር አንድ ሰው ነበር። ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ ሃያ ዓመት የቆመ፣ ሙያው የተመሰከረለት፣ ሚስቱንና ልጆቹን በላቡ የሚያስተዳድር ሰው። ምን ጎደለው? ምንም አልጎደለውም። አንድ ነገር ብቻ በዛበት፤ ጎረቤቱ።

ጎረቤቱ ደርበው ይባላል። ሁለቱ ሙያውን የለመዱት ከአንድ ባለሙያ ነው፤ ባንድ ሳህን በልተዋል፣ ባንድ መዶሻ ቀጥቅጠዋል። አሁን ሱቃቸው ፊት ለፊት ነው፤ የሚለያቸው መንገዱ ብቻ ነው። ሁለቱም የባሌስትራ ፒን ይሠራሉ። ባሌስትራ ታውቃላችሁ፤ የመኪናውን ጭነት የሚሸከመው ጎበጥ ያለው ብረት ነው። ፒኑ ደግሞ እሱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው፤ ከአውራ ጣት ትንሽ ቢወፍር ነው።

የሰውየው ፒን በስድስት ወር ተበልቶ ያልቃል። የደርበው ፒን ሁለት ዓመት ይሄዳል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሲኦል የሚጀምረው ይህችን በምታህል ነገር ነው።

ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሰውየው ቶርኖው ላይ ቆሞ እጁ ይሠራል፤ ዓይኑ ግን ማዶ ነው። ማን ገባ? ማን ወጣ? ደርበው ምን አሳቀው? በእኔ ይሆን የሚስቀው? ምሳ ሲበላ ማዶ መኪና ከቆመ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ክረምት ላይ የደርበው ጣሪያ አፈሰሰ የተባለ ቀን ግን ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ የሚለምን ሰው አለ አይደል? ደርበው ሳይለምን ነው የተሰጠው፤ ያውም ፊት ለፊቱ።

ደርበው ይህን አላወቀም ትላላችሁ? ዐውቋል እንጂ! አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ "አንተ ወንድሜ፣ ብረቱን እንዴት ከሰል እንደማበላው ና ላሳይህ። አንድ ቀን ብትውል ይበቃሃል" አለው።

ሰውየውስ ምን አለ? "እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም ሥራዬን አልረሳሁም" አለ። በሆዱ ግን "ከደርበው ከምማር ቶርኖዬን ሸጬ ሽንኩርት ብነግድ ይሻለኛል" ነው ያለው።

አሁን ቅናትን እዩልኝ! መጠየቅ ያሳፈረው ሰው ማጮለቅ አላሳፈረውም። በደርበው የኋላ መስኮት በኩል ተደብቆ አየ። ደርበው ፒኖቹን በብረት ሳጥን ውስጥ፣ በደቀቀ ከሰል ይቀብራቸዋል። ክዳኑን በጭቃ ይመርገዋል። ከጠዋት እስከ ማታ እሳት ውስጥ ያቆየዋል፤ ከዚያ እንደጋሉ አውጥቶ ዘይት ውስጥ ይነክራቸዋል። ከሰሉ በሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ብረቱ ቆዳ ይገባል፤ ቆዳው ይጠነክራል።

ይህን ሁሉ አየ። አንዱን ነገር ግን አይቶ አላመነም። ደርበው የሚጀምረው ከለስላሳ ብረት ነው፤ መዶሻ ከሚያጎብጠው ተራ ብረት። "ይሄ ተንኮለኛ! ደህናውን ብረት ደብቆ ይሄን ለሰው ዓይን ያስቀምጣል" አለ። ቀናተኛ እውነቱን በዓይኑ ቢያይ እንኳ ተንኮል ነው የሚመስለው።

ደግሞስ እሱ በለስላሳ ብረት ሊጀምር? እሱ የፈለገው ደርበውን መብለጥ ነው። ከአሮጌ የመኪና አክስል፣ ካገኘው ሁሉ ጠንካራውን ብረት ቆርጦ ፒን ሠራ። ደርበው አንድ ቀን ከሰል ካበላ እሱ ሦስት ቀን አበላ። ሲያወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሞረድ ቢያስኬድበት፣ ሞረዱ መስታወት ላይ የሚሄድ ይመስል ተንሸራተተ። ሰውየው ብቻውን ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹን ፒኖች ለማን ሰጠ? ለታናሽ ወንድሙ ለውብሸት። ውብሸት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱም ተደብቆ የደርበው ደንበኛ ሆኖ ነበር። ሰውየውን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ይህ ነው። "የወንድምህን ፒን ግጠም! የሱ ሁለት ዓመት ከሄደ የኔ አራት ይሄዳል" አለው። ውብሸትም ወንድሙን ደስ ይበለው ብሎ ገጠመ።

በሦስተኛው ሳምንት ውብሸት ባቄላ ጭኖ ከደሴ ሲወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉድጓድ ገባ። አንድ ጉድጓድ ብቻ! ፒኑ እንደ ገል ተሰበረ። ባሌስትራው ለቀቀ፣ መሪው እምቢ አለ። መኪናው ወደ ገደሉ ሊሄድ ሲል እግዚአብሔር ወደ ተራራው መለሰው። ውብሸት ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ደቀቀ።

ሰውየው ወሬውን ሰምቶ በሰው መኪና ሲደርስ ቀድሞት የደረሰ ሰው አገኘ። ማን ይመስላችኋል? ደርበው! ከደሴ ሲመለስ ደርሶበት ውብሸትን ከጋቢናው ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ሸሚዙን ቀዶ እግሩን አስሮለታል፤ አምቡላንስ ይጠብቃሉ። ከመኪናው ሥር ያነሳውን የፒኑን ስባሪ በእጁ ይዟል።

"የኔ ነው" አለ ሰውየው።

"ዐውቄያለሁ" አለ ደርበው። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረለት። "እየው ወንድሜ፣ እስከ መሃሉ ጠንክሮ ደርቋል። ቆዳው ይጠንክር፤ መፋተጉን የሚችለው ቆዳው ነው። ሆዱ ግን ለስላሳ መሆን አለበት፤ ጉድጓድ ሲመጣ የሚችለው ሆዱ ነው። ለስላሳ ብረት የምገዛው ለዚህ ነው እኮ። ና ላሳይህ አላልኩህም?"

ሰውየው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። "ቀንቼብህ ነው" አለ፤ አለቀሰም።

"እሱንም ዐውቃለሁ። ተነስ፤ ወንድምህን ያዝልኝ" አለው ደርበው።

ምእመናን፣ የእናንተስ ማዶ ማን አለ? ስሙ ሲነሳ ምግቡ የማይዋጥላችሁ ማን ነው? እህታችሁ ናት? የሥራ ባልደረባችሁ? ወይስ እዚሁ አጠገባችሁ የቆመው?

ቅናት እንደዚያ ከሰል ነው፤ ባንድ ቀን አይገባም። መጀመሪያ ቆዳ ላይ ነው፤ ሰላምታ ያስነፍጋችኋል። ያኔ ብታወጡት ሆዳችሁ ገና ለስላሳ ነው። እናንተ ግን ክዳኑን መርጋችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ እንኳ ሳትነግሩ፣ ዓመት ከዓመት ታበስሉታላችሁ። ሆድ ይደርሳል። ከውጭ ስትታዩ ግን ጠንካራ ናችሁ! ጾሙ አለ፣ ስግደቱ አለ፣ ሞረድ አይነካችሁም። አንድ ጉድጓድ ሲመጣስ?

ይህንንም ልብ በሉ፤ ሰውየው የቀናው በደርበው ነው። የተሰበረው ግን የወንድሙ እግር ነው።

ውብሸት ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ሰውየው ስባሪውን ለእኔ ሰጠኝ፤ "ስሜን ሳይጠሩ ይንገሩልኝ" ብሎ። ይኸው በእጄ ነው፤ በሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ስትወጡ ቆዳውን አትዩ፤ ስብራቱን እዩት። ከዚያም ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት መንገዱን ተሻገሩና ያንን ሰው፣ "እንዴት እንደምትሠራው እስቲ አሳየኝ" በሉት።