በር ላይ የቀረው የጥልፍ ንድፍ

ተረት አለኝ፤ ላም የለበት፣ በረት የለበት፣ ሰርቨር ብቻ።

ደሴ የምትኖረው ጥልፍ ጠላፊዋ ወይዘሮ አጸደ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ የሟች እናቷን የአንገት ጥልፍ ንድፍ ፎቶ አንስታ ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቷ ለስንዱ መላክ። የስንዱ ልጅ እሑድ ትዳራለች፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ግን አንገቱ ባዶ ነው። በስልክ እንዳትነግራት ጥልፍ በወሬ አይጠለፍም። ትልቁ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረክ የሁለቱንም ገጽ ስለዘጋባቸው፣ አጸደ የደሴ ሰዎች ባቋቋሙት ትንሽ ሰርቨር፣ ስንዱ በማርቆሶቹ ሰርቨር ተጠግተዋል፤ ሌላ መላኪያ አያውቁም። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ደጅ ያለው ቤት ነው፤ ደጆቹ ሲከፈቱ ከቤት ቤት መልእክት ይሄዳል። ፎቶው ግን አልሄደም።

አጸደ ደጁን ለሚጠብቀው ለማርቆሱ አድሚን ለአቶ ምናሉ ደወለች።

«ምነው ወንድሜ፣ ደጁን ዘጋችሁብን?»

«ከእናንተ ቤት ጌጡ የሚባል ሰው በኳስ ጉዳይ እየተነሳ ሰዎቻችንን ይሰድባል። እሱ ዝም ካላለ አልከፍትም።»

«እንግዲያው ከበላያችሁ ጋር አገናኙኝ።»

«የበላይ የለንም፣ እመቤቴ።»

የበላይ የሌለው ቤት ደግሞ ምን ዓይነት ነው? አጸደ ግራ ገባት።

ወደ ጌጡ ሄደች። «ጌጡ፣ ዝም በል። ጌጡ ዝም ካላለ ምናሉ አይከፍትም፣ ምናሉ ካልከፈተ ፎቶው አይሄድም፣ ፎቶው ካልሄደ ስንዱ አትጠልፍም፣ ስንዱ ካልጠለፈች ሙሽራዋ በባዶ አንገት ትወጣለች።»

ጌጡ ሳቀባት። «ሰብለ ካላገደችኝ ማን ዝም ያሰኘኛል?»

ወደ ሰብለ ሄደች፤ የደሴው ሰርቨር አድሚን ናት። «ሰብለዬ፣ ጌጡን አግጂው። ሰብለ ካላገደች ጌጡ ዝም አይልም፣ ጌጡ ዝም ካላለ ምናሉ አይከፍትም፣ ምናሉ ካልከፈተ ፎቶው አይሄድም፣ ፎቶው ካልሄደ ስንዱ አትጠልፍም፣ ስንዱ ካልጠለፈች ሙሽራዋ በባዶ አንገት ትወጣለች።»

«እትዬ አጸደ፣ ባግደው በሌላ ስም ይመለሳል። ስድብ ስሰርዝ ብቻዬን ደከመኝ። ስድብ የሚሰርዝ ተረኛ ካልተገኘ አላግድም፤ እንዲያውም ነገ ሰርቨሩን አጠፋዋለሁ።»

አጸደ ስልኳን አወጣች። ለአባላቱ ሁሉ ጻፈች፦ «ወገኖቼ፣ ተረኛ ሁኑ። ተረኛ ካልተገኘ ሰብለ አታግድም፣ ሰብለ ካላገደች ጌጡ ዝም አይልም፣ ጌጡ ዝም ካላለ ምናሉ አይከፍትም፣ ምናሉ ካልከፈተ ፎቶው አይሄድም፣ ፎቶው ካልሄደ ስንዱ አትጠልፍም፣ ስንዱ ካልጠለፈች ሙሽራዋ በባዶ አንገት ትወጣለች።»

አንዱ «ሥራ በዝቶብኛል» አለ። አንዷ «አድሚኗ አለች አይደል እንዴ?» አለች። የቀሩት የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ላኩላት።

አጸደ ነገሩን አሰበችው። አዛዥ የለ፣ ታዛዥ የለ፣ ቤቱ ግን ሊፈርስ ነው። ከዚያ የማርያም ማኅበሯ ትዝ አላት፤ ጽዋውን የሚያነሳ ሲጠፋ እኮ ከተቀመጡት አንዷ ብድግ ብላ ታነሳዋለች።

«በይ ሥራውን አሳዪኝ፤ ኳስ የሚበዛበትን የቅዳሜን ተራ እኔ ላንሳው» አለቻት ሰብለን።

አጸደ ተረኛ ሆነች፣ ሰብለ አገደች፣ ጌጡ በሌላ ስም ቢመጣም ስድቡ ሲሰረዝበት ዝም አለ፣ ምናሉ ከፈተ፣ ፎቶው ሄደ፣ ስንዱ ሌሊቱን ጠለፈች፣ ሙሽራዋም እሑድ በአያቷ ጥልፍ አምራ ወጣች።

አጸደ ደስታዋ እንባ አመጣባት። ግራ መጋባቷ ግን አልለቀቃትም።

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ይዘልቃል?» አለቻት ሰብለን።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ለሚቀጥለው ቅዳሜም ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ቅዳሜ አለ።»